የሚተፋ አዋቂ ነው

አንድ ቀን አቶ ግርማቸው ሁለቱን ቤተሰብ ወይን ሊያስቀምሱ ሚኒባስ ተከራዩ።

ሁለቱ ቤተሰብ ማለት እኛና እነሱ ነን። እኛ የሙሽሪት ወገን ነን፤ እኔ እናቷ፣ ባለቤቴ ይርዳውና ልጃችን ወለላ። እነሱ ደግሞ ሙሽራው ኅሩይ፣ አጎቱ አቶ ግርማቸውና የአጎቱ ሚስት ወይዘሮ ስንዱ ናቸው። ኅሩይ እናትና አባቱን በልጅነቱ ስላጣ ያሳደጉት አቶ ግርማቸው ናቸው፤ ስለዚህ እሳቸው ፊት ቀና ብሎ አይናገርም። ጨዋ ልጅ ነው። እሳቸውም ጨዋ መሆኑን ያውቃሉ፣ በደንብ ይጠቀሙበታል።

አቶ ግርማቸው የማያውቁት ነገር የለም። አለ የሚል ሰው ቢመጣ እንኳ እሳቸው አስቀድመው ያውቁታል። ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ግን ወይን ነው። አንድ ጊዜ ለስብሰባ ጣሊያን ሄደው ነበር። ስለ ስብሰባው አንድም ቀን ሲያወሩ አልሰማሁም፤ ከስብሰባው በኋላ ስለተጋበዙት ወይን ግን ከተዋወቅን ጀምሮ ስንሰማ ነው የኖርነው። ሽማግሌ ይዘው ልጃችንን ሊጠይቁ የመጡ ቀን እንኳ ስለ ልጃችን ካወሩት ስለ ወይን ያወሩት በልጦ፣ ይርዳው በጆሮዬ «የመጡት ለማን ነው?» ብሎኛል።

የሰርጉም መጠጥ ወይን እንዲሆን የወሰኑት እሳቸው ናቸው። ወይኑን ደግሞ ከሱቅ መግዛት የመሃይም ሥራ ነው አሉ። ከተተከለበት ሄዶ፣ ቀምሶ፣ መርጦ ነው። ከመቂ አለፍ ብሎ የወይን እርሻ አለ፤ ከአዲስ አበባ ጠዋት ወስዶ፣ አስጎብኝቶ፣ አስቀምሶ፣ ማታ የሚመልስ ሰው አለ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት፣ እኔ ኪዳን አድርሼ እንደተመለስኩ፣ ተሳፈርን።

የይርዳውን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ይርዳው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ትምህርቱ ብዙ አይደለም፤ የእኔም እንደዚያው። አንድ ነገር ግን እግዚአብሔር ሰጥቶታል፤ ምርቃት። ሰፈራችን ውስጥ ቤት የሠራ፣ መኪና የገዛ፣ ልጅ የወለደ ሁሉ «ይርዳው ይመርቅልን» ይላል። እድራችን አዲስ ድንኳን ሲገዛ እንኳ የመረቀው እሱ ነው። «ለሰርግ ስትፈለጊ ስፊ፤ ለልቅሶ ስትፈለጊ ጥፊ!» ብሎ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። መርቆ ሲጨርስም እንደ አባቶቹ «እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ» ይላል። ምራቅ ብሎ ነገር ብዙም አይወጣውም፤ እንደ ማለዳ ካፊያ ያለች ነገር ናት። የነካችው ሰው ግን አይጠርጋትም።

ወለላ ትንሽ ልጅ ሳለች እጁን ይዛ ከሰርግ ሰርግ ትከተለው ነበር። የሰው ልጆች ሲመርቅ ታያለች፤ ወደ ቤት ስንመለስ «አባዬ፣ የእኔስ መቼ ነው?» ትለዋለች።

«ቀንሽ ሲደርስ።»

«ምን ብለህ ትመርቀኛለህ?»

«አይነገርም። የአንቺን ለብቻው አስቀምጬዋለሁ።»

እንግዲህ ያ ቀን ሊደርስ ሲል ነው ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጥነው።

አስጎብኚያችን ማህደር የምትባል ቆንጆ ሥርዓት ያላት ልጅ ናት። ከሾፌሩ ጎን ሆና ዞር እያለች ስለ መንገዱ ትነግረናለች። አንድ ነገር በተናገረች ቁጥር አቶ ግርማቸው ያርሟታል። «በስተግራችን የምታዩት ተራራ...» ስትል፣ «ተራራ አይባልም፣ ኮረብታ ነው» ይላሉ። ልጅቷም «እሺ ጋሼ» ትላለች። እስከ ሞጆ ድረስ አንድም የቀረ ተራራ አልነበረም።

ሞጆን እንዳለፍን አቶ ግርማቸው ከፊት ወንበር ወደ እኛ ዞሩ።

«እንግዲህ የሰርጉን ፕሮግራም አስተካክለነዋል» አሉ። «ምርቃት የሚባለው ይቀራል።»

«ይቀራል?» አለ ይርዳው።

«በምትኩ እኔ ብርጭቆ አንስቼ አጭር ንግግር አደርጋለሁ። በሠለጠነው ዓለም እንደዚያ ነው።»

«የሙሽሪት አባት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ነዎት እንጂ! ማን አይደሉም አለ? ከፊት ነው የምናስቀምጥዎ። ወንበርዎ ላይ ሪባን ሁሉ ይታሰራል።»

ይርዳው ሪባኑን ትንሽ አሰበበት። «ምርቃቱ ምን አጠፋ?» አለ።

አቶ ግርማቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምርቃቱ እንኳ ምንም አይልም። ያቺ መጨረሻ ላይ የምትመጣው ናት... እንትፍ እንትፍ የምትባለዋ። አይቀየሙኝና አቶ ይርዳው፣ አዳራሹ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ይኖራሉ። ቪዲዮ ይቀረጻል። ልጅቱ ተኳኩላ ነው የምትቆመው። ሰው ፊት ቆሞ መትፋት ነውር ነው።»

«ነውር ነው» አለ ይርዳው፣ ቃሏን እንደሚመዝን ሰው።

«እሷን ትተው የሚመርቁ ከሆነ ደግሞ አንድ ደቂቃ ልሰጥዎ እችላለሁ።»

«ያለ እሷማ ማኅተም ያልተመታበት ደብዳቤ ነው። ማን ይቀበለዋል?»

«እንግዲያው ይቅር!» አሉና አቶ ግርማቸው ወደ ፊት ተመለሱ። አለቀ። ወለላ ከተወለደች ጀምሮ ስንጠብቀው የኖርነው የሃያ ስድስት ዓመት ነገር በአንድ መታጠፊያ ላይ አለቀ።

ኅሩይ ጫማውን አየ። ወለላ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሶፍት ሰጠኋት፤ «አቧራ ገብቶብኝ ነው» አለችኝ። መስኮቱ ግን ዝግ ነበር። ይርዳውን «በል እንጂ አንድ ነገር ተናገር» በሚል ዓይን ባየው፣ «መኪና እየሄደ ክርክር ጥሩ አይደለም፣ ሾፌር ይረብሻል» አለኝና ዓይኑን ጨፈነ። እኔም እመቤቴን «አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት።

እርሻው ደረስን። መቼም የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ ወይኑ በገመድ የተሰለፈ ይመስል ረድፍ ረድፉን ይዞ እስከ ዓይን ጥግ ይሄዳል፤ ከማዶ ሐይቁ ያብረቀርቃል። ማህደር ከፊት እየመራች «ይኼ የወይን ዓይነት ሙቀት ይወዳል» አለች።

«አይወድም» አሉ አቶ ግርማቸው። «ጣሊያን ብርድ ነው የሚወደው።»

«እዚህ መቂ ነው ጋሼ» አለች ልጅቷ በትሕትና።

«እሱ ነው ችግሩ!» አሉ።

ይርዳው ወደ ኋላ ቀረት ብሎ አንዱን ግንድ በእጁ ዳሰሰው። ልማዱ ነው፤ የሚያፈራ ነገር ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። «አፍሩ፣ አይንካችሁ በረዶ፣ አይልመዳችሁ ወፍ» ብሎ መረቃቸው። ከዚያ ከንፈሩን ሰበሰበ፣ «እን...» አለና አቶ ግርማቸውን አያቸው። እንትፍታዋን ዋጣት። ሰው ምራቁን ሲውጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ እንደዚያ የከበደው ግን አላየሁም።

ከዚያ ወደ መቅመሻው ቤት ገባን። ረጅም ጠረጴዛ ነው፤ ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ ብርጭቆ ተደርድሮበታል። መሐል ላይ እንደ መስታወት ፊት የምታሳይ አንዲት ባልዲ ተቀምጣለች።

«ይቺ የእጅ መታጠቢያ ናት?» አለ ይርዳው።

ማህደር ፈገግ አለች። «አይደለም አባቴ። ብዙ ዓይነት ወይን ስለሚቀመስ፣ መዋጥ ያልፈለገ ሰው አፉ ውስጥ አመላልሶ እዚህች ላይ ይተፋዋል። መዋጥም ይቻላል፣ እንደ ምርጫችሁ ነው።»

«ምርጫ የለም!» አሉ አቶ ግርማቸው፣ እጃቸውን ከፍ አድርገው። «ልጄ፣ ሰውን አታሳስቺ። የወይን ሕግ አንድ ነው። የሚውጥ ጠጪ ነው፤ የሚተፋ አዋቂ ነው።»

ይርዳው ባልዲዋን አየ፤ አቶ ግርማቸውን አየ። «ሰው ፊት?» አለ እንደ ሕፃን።

«ሰው ፊት ነዋ! ተደብቆ የሚተፋ አለ እንዴ?»

«አይ፣ ለማወቅ ያህል ነው።»

አብሬው የኖርኩት ሰው ነው። «ለማወቅ ያህል ነው» ሲል አንድ ነገር ኪሱ ውስጥ እንደከተተ አውቃለሁ። ምን እንደከተተ ግን አላወቅሁም።

የመጀመሪያው ወይን ተቀዳ። አቶ ግርማቸው አሳላፊነቱን ከልጅቷ ተቀበሉ። ብርጭቆዋን ወደ መብራት አነሷት፤ አሽከረከሯት፤ አፍንጫቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ከተቱ። ከዚያ ጎንጨት አሉና ጥርሱን እንደሚያመው ሰው ከጉንጭ ጉንጭ አመላለሱት፤ መጨረሻ ላይ ባልዲዋ ውስጥ «ጵርስስ!» አደረጉት። ባልዲዋ ጮኸች። እሳቸው ከዚያው ጠርሙስ ለይርዳው ቀዱና ብርጭቆውን ሰጡት።

«ይቅመሱ!»

ይርዳው ብርጭቆውን ይዞ ቀረ።

«ምነው? ፈሩ?»

«ፈራሁ እንጂ አቶ ግርማቸው! በአባቴ ቤት ጠጅ የምታሳልፍ ሴት መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ እንግዳው እያያትም ትውጣለች። ያኔ እንግዳው ልቡ ያርፍና ይጠጣል። ቀማሹ ራሱ አንገሽግሾት የተፋውን መጠጥ እንዴት ልመነው?»

ማህደር ሳቋን በእጇ ሸፈነች። ወይዘሮ ስንዱ ግን አልሸፈኑም።

«ጠጅ ቤት አይደለም ያለነው!» አሉ አቶ ግርማቸው ቆጣ ብለው።

«አዎ፤ እዚያማ ማንም አይተፋም» አለና ይርዳው አማተበ፣ ጠጣ፣ ዋጠ። «ተመስገን» አለ።

«ምን ሸተተዎት?»

«ወይን።»

«ወይንማ ወይን ነው! ከወይኑ ውስጥ የሚሸተውን ነው የምጠይቅዎ። እኔ ለምሳሌ ቆዳ ሸቶኛል። ትምባሆ ሸቶኛል። ከበስተኋላው ደግሞ ዝናብ የመታው ድንጋይ አለ።»

ይርዳው አሰበ። «ቆዳው የአውቶቡሴ ወንበር ነው። ትምባሆው የተሳፋሪ ነው። ድንጋዩ ደግሞ የጣርማበር መንገድ። ለካስ ያን ሁሉ ዘመን ስነዳ የኖርኩት ወይን ኖሯል!»

ሁለተኛው መጣ፤ ሦስተኛው መጣ። አቶ ግርማቸው ይተፋሉ፤ ይርዳው ይውጣል። እሳቸው ሲተፉ ስለ ጣሊያን ያወራሉ፤ እሱ ሲውጥ ተመስገን ይላል። እኔ ከንፈሬን ብቻ አስነክቼ አስቀመጥኩ። ወይንና ሰርግ ሲባል እኔ የማውቀው ቃና ዘገሊላን ነው፤ እዚያ ደግሞ የተፋ እንግዳ ነበረ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ለማንም ግን አልተናገርኩም። ለአዋቂ ምን ይነገራል?

«ይትፉት እንጂ!» ይላሉ አቶ ግርማቸው በየመሐሉ። «እንዲህ እየዋጡ አዋቂ አይሆኑም!»

«ግድ የለም፤ ጠጪ ሆኜ ልቅር። ሰው ሠርቶ ያመጣልኝን መትፋት አልለመድኩም።»

ወይዘሮ ስንዱ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። እንደኔው በትዕግሥት የኖሩ ሴት ናቸው፤ እንዲያውም የእሳቸው ትዕግሥት ይበልጣል። «ይኼን ሁሉ የሚተፋው ለምን መሰለሽ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «ጨጓራው ነው! አንዲት ጉንጭ ከዋጠ ሌሊቱን ሲገላበጥ ነው የሚያድረው። ቤት ውስጥ እኮ የሚጠጣው ተልባ ነው።»

«ታዲያ ጣሊያንስ?»

«ጣሊያንም ተፍቶ ነው የመጣው።»

በመጨረሻ ከሁሉ ይበልጣል የተባለው ጠርሙስ ተከፈተ። ለሁላችንም ተቀዳ። በዚህ ጊዜ አቶ ግርማቸው ብድግ አሉና ብርጭቋቸውን በሹካ ነካ ነካ አደረጉ።

«በሰርጉ ቀን የማደርገውን ንግግር እዚህ ብትሰሙት መልካም ነው» አሉ። «አቶ ይርዳውም ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ይዩት። ቅር እንዳላቸው አውቃለሁ። ሲሰሙት ግን ራሳቸው ይሻላል ይላሉ።»

ወለላ እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር አስገባች። ኅሩይ አሁንም ጫማውን ያያል።

«ክቡራንና ክቡራት!» ብለው ጀመሩ። ስድስት ሰው ነበርን፤ ክቡራን ሆንን። መጀመሪያ ስለ ጣሊያን ተናገሩ። ቀጥሎ ስለ ወይን ተናገሩ። ቀጥሎ በጣሊያን ስላለው ወይን ተናገሩ። ኅሩይን እንዴት እንዳሳደጉት ተናገሩ፤ እሱስ እውነት ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከዚያ ብርጭቋቸውን ወደ ልጄ አነሱ።

«ወለላ ሆይ! ይህቺን ብርጭቆ ያነሳሁት ላንቺ ነው። ለጤናሽ! ለትዳርሽ! ለሚወለዱት ልጆችሽ!»

ሁላችንም ብርጭቋችንን ከፍ አድርገን ጠበቅናቸው። እሳቸው ጎንጨት አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከጉንጭ ጉንጭ አመላለሱ። እኛ እንጠብቃለን። ከዚያ ከመጀመሪያው ብርጭቆ ጀምሮ ሲያደርጉት እንደቆዩት ዞር አሉና፣ የልጄን ጤና፣ የልጄን ትዳር፣ ገና ያልተወለዱትን የልጅ ልጆቼን፣ ባልዲዋ ውስጥ «ጵርስስ!» አደረጓቸው።

ባልዲዋ ጮኸች።

«ውይ በሞትኩት!» አሉ ወይዘሮ ስንዱ።

ኅሩይ ጠዋት ከተሳፈርን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አጎቱን አያቸው። አቶ ግርማቸው ብርጭቋቸው አየር ላይ እንዳለች ቀሩ። «እ... ይኼ እንኳ... የወይን ሕግ ስለሆነ...» አሉ፤ ሕጉ ግን መሐል መንገድ ላይ ጥሏቸው ሄደ።

ይርዳው ብርጭቆውን አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ተነሣ። ሲመርቅ እንደሚያደርገው ነጠላውን አስተካከለ።

«አይደንግጡ አቶ ግርማቸው» አለ። «ምንም አላጠፉም። ሰው ፊት ይተፋል ብለውናል። የሚተፋ አዋቂ ነው ብለውናል። እንግዲህ ሁለታችንም አዋቂዎች ነን፤ ሁለታችንም የልጄን ስም ጠርተን እንተፋለን። ልዩነታችን አንድ ብቻ ነው፤ የእርስዎ ባልዲ ላይ ያርፋል፣ የእኔ ግንባሯ ላይ። ልጅቷ ትምረጥ!»

ወለላ አላሰበችም። ወንበሯን ገፋች፣ ጠረጴዛውን ዞረች፣ አባቷ ፊት መጥታ አንገቷን ደፋች። ከኋላዋ የወንበር ድምፅ ሰማን፤ ኅሩይ ነው። አጎቱ አጠገብ ሲደርስ ቆመና «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ፤ ከዚያ አልፎ መጥቶ ከወለላ ጎን አንገቱን ደፋ። ያ ልጅ የዚያን ቀን ነው ልጄ የሆነው።

ይርዳው ሁለቱንም አገጫቸውን ይዞ ቀና አደረጋቸው። «አሁን አይደለም» አላቸው። «እዚህ ጨርሼው ለሰርጉ ምን ይተርፈኛል?»

አቶ ግርማቸው ገና ብርጭቋቸውን እንደያዙ ቆመዋል። አፋቸውን ከፈቱ፤ ጣሊያን ልትመጣ ነው ብዬ ሠጋሁ። ወይዘሮ ስንዱ የባላቸውን ኮት ጫፍ ይዘው ወደ ታች ሳቡ።

«በል አንተ ሰውዬ» አሉ፣ «ይቺን እንኳ ዋጣት!»

ዋጧት። ነገሩንም ዋጡ፣ በብርጭቆው የቀረውንም ጭልጥ አድርገው ዋጡ። ፊታቸው ኮሶ የጠጣ ሰው ሆነ።

ስንመለስ ማህደር በስተቀኝ ያለውን ተራራ አሳየችን፤ ያረማት የለም። አቶ ግርማቸው ሆዳቸውን በእጃቸው ደግፈው ከፊት ተቀምጠዋል። ቢሾፍቱን እንዳለፍን፣ ሳይዞሩ፣ ለመስታወቱ የሚናገሩ ይመስል፣

«አቶ ይርዳው» አሉ።

«አቤት።»

«ያቺ ነገር... ስንት ጊዜ ናት የምትባለው?»

«የቷ?»

«ያቺ... እንትፍታዋ።»

«ሦስት ጊዜ ናት። ለአጎት ግን ይጨመራል።»

የሰርጉ ቀን ደረሰ። አዳራሹ በሰው ሞልቷል፤ ትልልቆቹም ሰዎች መጥተዋል፣ ቪዲዮውም ይቀረጻል። ወይኑ በየጠረጴዛው ተደርድሯል። ከሙሽሮቹ ፊት፣ ከማይኩ አጠገብ፣ አንገቷ ላይ ሪባን የታሰረላት አንዲት የምታብረቀርቅ ባልዲ ተቀምጣለች። አቶ ግርማቸው ከእርሻው ገዝተዋት ኖሯል። እንግዲህ ያ ለይርዳው ወንበር የታሰበው ሪባን መሆኑ ነው።

ይርዳው ማይኩን ያዘ። ባልዲዋን አያት።

«አቶ ግርማቸው» አለ፣ «ይህቺን ዞር ያድርጉልኝ፤ ዛሬ የሚደፋ ነገር የለንም።»

አቶ ግርማቸው ተነሡ። አስተናጋጅ አልጠሩም፤ ራሳቸው አቅፈው ይዘዋት ወጡ።

ከዚያ ይርዳው ለብቻው አስቀምጦት የነበረውን አወጣው። «ወለላ ያልኩሽ ጣፍጠሽ ሌላውን እንድታጣፍጪ ነው። ኅሩይ፣ ልጄ፣ አንተም ቀና በል፤ ከእንግዲህ ጫማህን አትይ። ቤታችሁን እንግዳ አይጥላው። የዋጣችሁት ይስማማችሁ፤ የተፋችሁት አይከተላችሁ!» አዳራሹ በአሜን ተናወጠ። ሦስት ጊዜ እንትፍ አለባቸው። ኩሉም አልተበላሸም፤ ቢበላሽም የተበላሸው በልጅቷ እንባ ነው።

ይርዳው ማይኩን ሊመልስ ሲል፣ አቶ ግርማቸው እጃቸውን ኮታቸው ላይ እየጠረጉ ተመልሰው መጡ። ወደ ወንበራቸው አልሄዱም። ከሙሽሮቹ ጎን ቆሙና መላጣቸውን ዝቅ አደረጉ።

ይርዳውም ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም፤ ሦስቱን አለና፣ የአጎትን ጨመረላቸው።